እንቅልፍ የሌላት ቀይ መብራት

ቤትን በቍጠባ ማስተዳደር ከክርስቲያን ምግባር አንዱ መሆኑን ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ አስተምሬአለሁ። ዳሩ ግን ትምህርቱ ለአስተማሪው ሳይደርስ የቀረበት ጊዜ ነበርና፥ ለአንባብያን ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ።

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም፥ ለቆጣሪያችን በካርድ የሞላነው ሒሳብ ወሩ ሳይጋመስ አለቀ። እኔም ነገሩን ሳልመረምር፥ እንጀራ የምትጋግርልንን የእኅቴን ልጅ «ምጣዱን ያለ ልክ እያጋልሽ ቤቱን አራቆትሽው» ብዬ በእንግዳ ፊት ገሠጽኋት። ልጅቱም አንዳች ሳትመልስ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ለሌሊት ጸሎት ስነሣ፥ ቤቱ ሁሉ ጨልሞ ሳለ በቴሌቪዥኑና በሪሲቨሩ ላይ ቀያይ መብራቶች ሲያበሩ አየሁ። ማታ ዜና ሰምቼ በሪሞት ያጠፋኋቸው እኔው ነበርሁ። የጠፋ ነገር ስለ ምን ያበራል?

በማግሥቱ ማታ ከሁለቱ በቀር በቤት ያለውን ሁሉ፥ ማቀዝቀዣውን ጭምር፥ ነቅዬ የቆጣሪውን ቍጥር ጻፍሁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት 0.15 ኪሎዋት ሰዓት ቈጥሮ አገኘሁት። ስለዚህ ሁለቱ ዕቃዎች ጠፍተዋል ስንል 15 ዋት ይስቡ ኖሯል። በሪሞት የሚጠፋ ዕቃ ፈጽሞ አይጠፋምና፤ የሪሞቱን ትእዛዝ ለመቀበል ነቅቶ ይጠብቃል። በቀን 20 ሰዓት እንዲህ ቢቈይ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይኸውም 3 ኪሎዋት የሚስበውን ምጣዳችንን ሊጥ ሳያፈሱ 3 ሰዓት ሙሉ እንደ ማጋል ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ አዳዲስ የቤት ዕቃዎች በዚህ ሁኔታ ሲቈዩ ከ1 ዋት እንዳይበልጡ በሕግ ተወስኗል፤ የእኛዎቹ ግን አሮጌዎች ነበሩ።

ሒሳቡ ያለቀው በዚህ ብቻ ነው አልልም፤ ምጣድ ከሁሉ ይልቅ ይስባል። ነገር ግን ምጣዱ እንጀራ ሰጥቶናል፤ ቀይዋ መብራት ምን ሰጠችን? በልጅቱ ዓይን ጉድፍ ስፈልግ የራሴን ምሰሶ ሳላይ ኖርሁ።

ስለዚህ በቤተ ሰቡ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። እርስዋም ፈገግ ብላ፥ «ጋሼ፥ እኔስ ይቅር ብያለሁ፤ ማታ ማታ ግን ማን ሊነቅለው ነው?» አለችኝ። ይህ ሥራ ከዚያን ቀን ጀምሮ የእኔ ሆነ። ማጥፊያ ያለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ገዝቼ ሁለቱን በአንድ ላይ ሰካኋቸው፤ ዜና ሰምቼ ስነሣ በአንድ ጣት አጠፋቸዋለሁ።

ወገኖቼ ሆይ፥ ጌታችን በ5 እንጀራ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ ፍርፋሪው እንዲሰበሰብ ማዘዙን፥ 12 መሶብም መሙላቱን እናስብ። ሁሉን መስጠት የሚችል አምላክ ፍርፋሪውን ካልናቀ፥ እኛ በካርድ እየሞላን የምንኖር እንዴት እንንቅ? ዛሬ ማታ መብራታችሁን ስታጠፉ ጥቂት ቆማችሁ በጨለማው ውስጥ የቀረውን ተመልከቱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።