ርካሹን ትኬት ያረከሰው ማን ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በአሜሪካ ርካሽ አየር መንገዶች የሠሩ ሰዎች ያንን ዘመን በፍቅር ሲያነሡ፣ ሰሚው የወጣትነት ናፍቆት ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ትዝታቸው ስለ ሂሳብ የሚነግረን ነገር አለ ባይ ነኝ። ትኬቱን ከሁሉም በላይ ያረከሰው ሠራተኛው ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ለመዞር ፈቃደኛ መሆኑ ነው፤ ፈቃደኛ የሆነውም ከሚገኘው ትርፍ ድርሻ ስለነበረው ነው።

ፒፕል ኤክስፕረስ የተባለውን አየር መንገድ እንውሰድ። የ1978ቱ ሕግ በበረራ ዋጋና መስመር ላይ የነበረውን የመንግሥት ቁጥጥር ካላላ በኋላ፣ በ1981 በሦስት ቦይንግ 737 አውሮፕላኖች ከኒውዋርክ ሥራ ጀመረ። ሂሳብ የሚከፈለው አየር ላይ ነበር፤ ሻንጣ ማስጫን 3 ዶላር፣ ቡና 50 ሳንቲም። ሰው የሚያስታውሰው ቡናውን ነው (ዛሬ ማንንም አይገርምም)፤ ትልቁ ቁጠባ ግን ሌላ ቦታ ነበር። አብራሪው በማይበርበት ቀን ቢሮ ገብቶ ይሠራል፣ አስተናጋጁ ነገ ትኬት ክፍል ይመደባል። የሁሉም መጠሪያ «ማኔጀር» ነው፤ የተቀጠረ ሁሉ አክሲዮን ይገዛል። ሌላው ርካሽ አየር መንገድ ሳውዝዌስትም በ1972 ገንዘብ አጥሮት ከአራት አውሮፕላኖቹ አንዱን ሲሸጥ፣ የአራቱን ፕሮግራም በሦስቱ ለመሸፈን መረጠ። ይህ የሚሆነው ያረፈው አውሮፕላን በአሥር ደቂቃ ተመልሶ ከተነሣ ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ «የእኔ ሥራ አይደለም» የሚል ሰው መኖር የለበትም። ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው ትርፉን ለሠራተኞቹ ማካፈል ጀመረ።

ርካሽነቱ የመጣው ከአንድ ዓይነት አውሮፕላንና ምግብ ካለማቅረብ ነው የሚሉ አሉ። ያ መቅዳት የሚቻል ነገር ነው፤ ቢያንስ በከፊል ተቀድቷልም። ከትላልቆቹ አየር መንገዶች ኮንቲኔንታል በ1993፣ ዩናይትድ በ1994 ተመሳሳይ ርካሽ ክንፍ አቋቁመው ነበር፤ የመጀመሪያው በ1995፣ ሁለተኛው በ2001 ተዘጋ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሆኖም ምግብ ማስቀረትንና የመሳሰለውን መቅዳት ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የፒፕል ኤክስፕረስ ፍጻሜ ነው። በ1987 በኮንቲኔንታል ተዋጠ፤ ደመወዙን ዝቅ አድርጎ አክሲዮኑን ተስፋ ያደረገ ሠራተኛ ከሰረ። ታዲያ «ማኔጀር» የሚለው ማዕረግ የደመወዝ ምትክ ማታለያ አልነበረም? በከፊል ነበር እላለሁ፤ ድርሻ በአክሲዮን ብቻ ሲሆን ሠራተኛው የባለቤቱን አደጋም ይሸከማል። ኩባንያውን የጣለው ግን የሠራተኛው አሠራር አልነበረም። በ1985 አሜሪካን ኤርላይንስ የትኛውን መቀመጫ በርካሽ፣ የትኛውን በውድ እንደሚሸጥ በኮምፒውተር እያሰላ ዋጋውን ገጠመው፤ ፒፕል ኤክስፕረስ ያ መሣሪያ አልነበረውም። በዚያው ዓመት ደግሞ ፍሮንቲየር የተባለውን፣ ባህሉ ፍጹም የተለየና ሠራተኛው በማኅበር የታቀፈ ኩባንያ በዕዳ ገዛ። ሳውዝዌስት በበኩሉ አብዛኛው ሠራተኛው በማኅበር የታቀፈ ሆኖ እስከ 2019 ድረስ በተከታታይ ሲያተርፍ ቆይቷል፤ ስለዚህ ርካሽ ትኬት የግድ መብት የሌለው ሠራተኛ ይፈልጋል የሚለው ክርክር ቢያንስ በዚህ ኩባንያ ላይ አይሠራም።