ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ

አቦሉን ጠጣን፤ ቶናው እስኪደርስ እንጫወት። ልጅህ ሊያገባ ነው አይደል? ሽማግሌ ተልኮ፣ «እሺ» ተብሎ፣ ቀኑም ተቆርጧል። እንኳን ደስ ያለህ! አሁን ቤቱ ሁሉ አዳራሽ ፍለጋ ይሮጣል። እኔ ግን ወዳጄ፣ አስቀድመህ ወረቀት አውጣና የሰው ስም ጻፍ እልሃለሁ።

ለምን? ድግስ የሚለካው በአፍ ቁጥር ነዋ! ዶሮውን ብቻ እንይ። አንድ ዶሮ በወጉ ሲገነጠል 12 ብልት ይወጣዋል። ለ300 ሰው አንዳንድ ብልት ይድረስ ካልክ 25 ዶሮና 300 እንቁላል ነው። እንግዳው 450 ሲሆን ዶሮው 38 ይገባል፤ ሽንኩርቱ፣ ቅቤው፣ እንጀራው፣ ወንበሩም አብሮ ይወጣል። ስለ አበባውና ስለ ዲኮሩ ከመከራከር በፊት ስሙ ላይ ተከራከሩ።

«እከሌን ካልጠራሁት ይቀየመኛል» ትላለህ። አዎ፣ ከባዱ እሱ ነው። በሐዘንህ ቀን ደጅህ ላይ የተቀመጠውን ሰው ግን መቼም አትዝለለው። መንገድ ላይ ሰላም የምትባባለው ቢቀር ይረዳሃል።

ወሩ ጥር መሆኑ ደግ ነው። የገና ጾም ተፈቷል፣ ዐቢይ ጾም አልገባም፣ ገበሬውም እህሉን ሰብስቦ እጁ ላይ ያለው ያን ጊዜ ነው፤ አባቶቻችን ያለ ነገር አልመረጡትም። ጥር 12 ቀን የምናከብረው ቃና ዘገሊላስ፣ የወይን ጠጅ ያለቀበት ሠርግ መታሰቢያ አይደል? የደጋሽ ጭንቀት ያኔም ነበር። ከተማ ላይ ግን አዳራሹንም ቪዲዮውንም መኪናውንም ሁሉም የሚፈልገው በዚሁ ወር ስለሆነ ቀብዱን ቀደም ብለህ ክፈል። «ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» ሲባል የሰማነው ለዚህ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤ የሚቀመጥ ነገር ነው፤ ከወራት በፊት ጥቂት ጥቂት እያልክ ግዛ። በሬና ዶሮ ግን የመጨረሻው ሳምንት ወጪ ናቸው፤ ያንን ገንዘብ ማንም አይንካው።

ኪስ የሚያራቁተው ምኑ ይመስልሃል? ሠርጉ አይደለም፣ ከሠርጉ ማግስት ያለው ነው! መልሱ አለ፣ ቅልቅሉ አለ፤ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ድግስ ሆኖ ሳለ ሰው ሒሳብ የሚይዘው ለሠርጉ ቀን ብቻ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ከተስማሙ መልሱንና ቅልቅሉን ባንድ ቀን ማድረግ ነውር የለበትም። ስኳር ልጨምርልህ?

ደግሞ ብቻህን አትሸከመው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። የዕድሩን ድንኳንና ብረት ድስት ጠይቅ። የዕቁቡ ዕጣ እንዲቀድምልህ ዳኛውን አነጋግር። እህትህ ጠላውን ልጥመቅ ካለች እሺ በላት፤ የምትደሰተውም እሷ ናት። አራጣ ተበድሮ መደገስ ግን በፍጹም አይሁን። ጎረቤት በልቶ ይሄዳል፣ ዕዳው ግን አዲሱ ጎጆ ውስጥ ይገባል፤ የስንት ልጆች የመጀመሪያ ጠብ ከዚያ ነው የጀመረው!

እንግዲህ ማታ ልጅህንና እጮኛውን ጥራቸው፤ እሷም ትኑር። የቤት ኪራዩን፣ የአልጋውን፣ የምድጃውን ገንዘብ በቅድሚያ ከላይ ቀንሱና አስቀምጡ። በተረፈው ደግሱ።