ለበሽታ ይቆጠባል ወይስ ይዋጣል?

ስኳር በሽታ እንደ ጉንፋን መጥቶ የሚሄድ እንግዳ አይደለም፤ አንዴ ከገባ ቤተሰብ ሆኖ ይቀራል። አዲ አርቃይ የምትኖረው እናቴ ከዚህ በሽታ ጋር ዓመታት አሳልፋለች። ዘዴዋ ቁጠባ ነበር። ከዕቁቡም ከእንቁላሉም እየቀነሰች የመድኃኒቱን ብር ለብቻው ታስቀምጣለች። ነገር ግን ቁጠባ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስኳር ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ብሩ ሳይጠራቀም ወሩ ይደርሳል፤ ምርመራ የታዘዘ ዕለትማ ዶሮዋም ትሸጣለች።

ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። በኋላ እኛም ዘንድ ሲደርስ አባቴ «ዓመቱን ሙሉ ባንታመም ብራችን ይመለሳል?» ብሎ ተከራከረ። እናቴም «ዕድር ከፍለህ ሳትሞት ዓመቱ ቢያልቅ መልሱልኝ ትላለህ?» አለችው። ተመዘገብን።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ቁጠባ የራስን ብር ለራስ ማስቀመጥ ነው፤ መድን ግን ጤነኛው የታመመውን የሚደግፍበት መዋጮ ነው። በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤተሰብ የሚመዘገበውም ለዚሁ ነው። የታመመ ብቻ ቢገባ ቋቱ ወዲያው ይደርቃል። መክፈል ለማይችሉት ደግሞ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል።

ይሁን እንጂ የመድን መታወቂያ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። እናቴ አንድ ጤና ተቋም ሄዳ «መድኃኒቱ አልቋል፤ ከውጭ ይግዙ» ተብላ ተመልሳለች። ሪፈር ተጽፎላት ሊማሊሞን ወጥታ ጎንደር ስትሄድም የመኪናውና የማደሪያው ወጪ ከራሷ ነው። ስለዚህ ቁጠባዋን አሳነሰችው እንጂ አልተወችውም። መድኑ ለሕክምናው፣ ቁጠባው ለመንገዱና ለጎደለው ሆነ።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። አንዳንድ ጎረቤቶቻችን «ለሌለ መድኃኒት አንከፍልም» ብለው ሳያድሱ ቀርተዋል። አይፈረድባቸውም። ግን ጤነኛው እየወጣ ሲሄድ የሚቀሩት እንደ እናቴ ያሉት ናቸው፤ እነሱ ብቻቸውን ደግሞ ቋቱን አይሞሉትም።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነገ ስለ ጤና መድን ስንዘግብ ስንት አባወራ እንደተመዘገበ መጠየቃችን አይቀርም። እሱ መልካም ነው። ከተመዘገበው ስንቱ መድኃኒቱን ከመስኮቱ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ? ይህንንም እንጠይቅ።