አውሰኝ

ወዳጄ፣ ጌም ስትገዛ በእርግጥ የምትገዛው ምንድን ነው? በእኔ ልጅነት ጌም ማለት ዲስክ ነበር፤ አንዱ ዲስክ የሰፈሩን ቤት ሁሉ ያዳርሳል። ብዙው ኮፒ እንደነበር አልደብቅህም። የሠራው ሰው ምን አገኘ ብለን አንድም ቀን አልጠየቅንም።

በ2003 እ.ኤ.አ. ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስቲምን ከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ጌም ከሱቅ መደርደሪያ ወደ ኢንተርኔት ሄደ። ለሠሪው መልካም ሆነለት። ኤሪክ ባሮን ብቻውን የሠራው «ስታርዲው ቫሊ» በ2016 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ካርቶንም ዲስክም አላስፈለገውም። ገዢው ግን የሚከፍለው ለመጫወቻ ፈቃድ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የ«ዘ ክሩ» ሰርቨር ሲዘጋ፣ ዲስኩን በእጃቸው የያዙት እንኳ መጫወት አልቻሉም።

በቀደም ከትምህርት በኋላ አንዱ ተማሪዬ፣ «ጋሼ፣ ያንን የኳስ ጌም አውሰኝ» አለኝ። በገንዘቤ የገዛሁት ነው፤ ግን ምኑን ላውሰው? የይለፍ ቃሌን ልሰጠው አሰብኩ። ስገዛ እሺ ያልኩት ውል ግን ይህን ይከለክላል። ያ የኮፒ ዘመኔም ትዝ አለኝ።

«ቅዳሜ ቤት ና» አልኩት። መጣ፤ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። እስካሁን አላሸነፍኩትም።