ቦሌን ማስፋት ብቻ ለምን አይበቃም?
ደብረ ታቦር ተቀምጦ ስለ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ማሰብ የሩቅ ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ግን ከደቡብ ጎንደር ወደ ውጭ አገር የሚበር ሰው በባሕር ዳር አድርጎ ቦሌን መርገጡ ስለማይቀር ነገሩ የእኛም ነው። ቦሌ በ2011 ዓ.ም. ተስፋፍቶ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ የማስተናገድ አቅም አገኘ፤ ይሁንና ዙሪያውን ከተማው ከቦታል። ለእኔ ከቦታ ጥበቱም የሚብሰው ከፍታው ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ስለሚያጣ፣ አውሮፕላኑ ነዳጅ ወይም ጭነት ቀንሶ ለመነሣት ይገደዳል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ ሳያርፍ የሚመጣው በረራ፣ ሲሄድ ግን ነዳጅ ለመሙላት መንገድ ላይ የሚያርፈው አንድም ለዚህ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የታቀደው ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቧል።

«ለአዲሱ ማረፊያ የሚወጣው ገንዘብ ለገጠር መንገድና ለጤና ጣቢያ ቢውልስ?» የሚለው ጥያቄ ክብደት አለው። ሆኖም ወጪው የሚሸፈነው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ገቢና በብድር ነው፤ ብድሩንም የሚከፍለው ከመንገደኛና ከጭነት የሚገኘው ገቢ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መሬታቸውን የሚለቁት ገበሬዎች ናቸው። ካሳቸው ሥራው ሳይገፋ፣ ኑሮን መልሶ በሚያቋቁም መጠን እጃቸው መግባት አለበት።