ከደብተር የተሠራ ተራራ

ክፍላችን ውስጥ ያለውን የባቡር ሞዴል ያያችሁ ልጆች "ዛፉን ከየት ገዛኸው?" እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ምንም አልገዛሁም። እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ።

የህብረተሰብ መምህራችን ስለ መጓጓዣ ሲያስተምሩን "አንዳንድ ሞዴል ሠርታችሁ አምጡ" አሉን። እኔ ባቡር መረጥኩ። በእኛ በዲማ በኩል ባቡር አያልፍም፤ በዓይኔም አይቼ አላውቅም። ግን ወንድም ጋሼ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ለፋሲካ ሲመጣ በስልኩ ያነሳውን ባቡር አሳይቶኛል። መምህራችን እንዳስተማሩን የድሮው ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። ቆጥሬ ሳየው ልክ 100 ዓመት ሆነ!

መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ሁሉንም መሥራት አይቻልም። ስለዚህ የመተሐራን አካባቢ ብቻ ሠራሁ። እዚያ የፈንታሌ ተራራ፣ የበሰቃ ሐይቅና ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ።

ሐዲዱን በሽቦ፣ ከሥሩ የሚጋደመውን እንጨት በክብሪት እንጨት ሠራሁ። ለጥቁሩ ድንጋይ ከሰል ሰባበርኩ። ለአፈሩ የቡና አተላ ተጠቀምኩ፤ በደንብ ካልደረቀ ግን ይሻግታል። ለሐይቁ የሃይላንድ ላስቲክ ቆርጬ ከሥሩ ሰማያዊ ወረቀት አነጠፍኩ። ለሣሩ ሰጋቱራ በቅጠል ጭማቂ ነከርኩ፤ በሁለት ቀኑ ቢጫ ሆነብኝ። ተናድጄ ነበር፤ መምህራችን ግን "መተሐራ ቆላ ስለሆነ እንደውም እሱን መሰለ" አሉኝ። የግራሩን ዛፍ የሠራሁት በደረቀ እንስላል ነው። እንስላል ፍሬ ሲይዝ አናቱ እንደ ጃንጥላ ስለሚዘረጋ ቁርጥ ግራር ይመስላል።

ችግር የመጣው በተራራው ነው። ካርቶን አቁሜ፣ ወረቀት እየቀደድኩ፣ በዱቄት ሙጫ እየነከርኩ ደራረብኩበት። ወረቀቱን ያገኘሁት ከአልጋ ሥር በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ከነበረ አሮጌ ደብተር ነው። የወንድም ጋሼ ደብተሮች ናቸው። ማንም የማይፈልጋቸው መስሎኝ ሦስቱን ቀደድኩ።

በማግስቱ ሌሊት አይጥ ሙጫው ሸቶት የተራራውን ጎን በላው። እማዬ ጠዋት ስትጠርግ የረገፈውን ወረቀት አነሳችና የሱን ጽሕፈት አየች። እማዬ ማንበብ አትችልም፤ ግን የልጇን ጽሕፈት ታውቀዋለች። አልመታችኝም። "ትምህርቱን ሲጨርስ ይፈልገዋል ብዬ ነበር እኮ" ብላ ብቻ ዝም አለች። ወንድም ጋሼ ከ8ኛ ክፍል አቋርጦ ነው አዲስ አበባ የሄደው። እኔ የማይመለስበት መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን እየጠበቀች ነበር። ቢመታኝ ይሻል የነበረ መሰለኝ፤ አለቀስኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ እማዬ ራሷ መጥታ "አይጥ ጭቃ አይበላም" አለችኝ። ጭቃና የጤፍ ጭድ አብኩታ፣ ልክ እንደ ቤት ምርጊት ተራራውን አብራኝ ለሰነችው። አሁን ጠንካራ ነው፤ ወረቀቱም ውስጡ አለ።

ማታ ወንድም ጋሼ ሲደውል እኔው ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቆይቶ ግን "የቀሩትን አስቀምጡልኝ" አለ። አራት ደብተር ቀርቷል። ሸፍኜ ሳጥን ውስጥ ከትቻቸዋለሁ።

ልጆች፣ ለሞዴል የሚሆን ነገር በየቤታችንና በየደጃችን ሞልቷል። ግን አሮጌ ነው ብላችሁ ከመቅደዳችሁ በፊት "የማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።



ከ7ኛ ክፍል ተማሪ