በመቲ ደን፤ ስለ ውሻና ስለ ከብት ሐኪም

አንባቢ ሆይ፤ ከቴፒ ተነሥተህ ወደ ጎደሬ የሚወስደውን መንገድ ብትይዝ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይቀበልሃል። በዚያ ደን መካከል የማጃንግ ዞን ዋና ከተማ መቲ ትገኛለች። አገሩ የቡናና የማር አገር ነው። የማጃንግ ሰው ከግንድ ፈልፍሎ የሠራውን ቀፎ ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ዩኔስኮም በ2009 ዓ.ም. ይህን ደን ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል።

ከደጋ የመጣህ ከሆንህ ግን አንድ ነገር ይጎድልብሃል፤ ይኸውም ብዙ የከብት መንጋ ነው። ሣር ጠፍቶ አይደለም፤ የቆላ ዝንብ ገንዲ የሚባለውን በሽታ ስለሚያስተላልፍ ነው። ገንዲ የያዘው በሬ ደሙ እያነሰ፣ ሥጋው እየከሳ ሄዶ ይሞታል። ስለዚህ የማጃንግ ሰው ከጥንት ጀምሮ ኑሮውን በእርሻ፣ በንብና በአደን ላይ መሠረተ። ለእንዲህ ያለው ኑሮ ጓደኛው ከበሬው ይልቅ ውሻው ነው።

ይህን ያነሣሁልህ ያለ ምክንያት አይደለም። የከብት ሕክምና ተማሪ በትምህርቱ ዘመን ውሻና ድመት ሊያክም ይገባዋልን? የሚል ክርክር አለ። «አይገባውም» የሚሉት ሰዎች ነገራቸው ቀላል አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ደስታ የተባለው በሽታ ገብቶ የአገራችንን ከብት በፈጀ ጊዜ ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጥቶ ክፉ ቀን መጣ። ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ገበሬው በሬ እየሞተበት ተማሪው የባለጸጋ ውሻ ሲያሻሽ ይዋል? ይላሉ።

እኔ ግን መልሱን ከመቲ እንድትፈልገው እለምንሃለሁ። በመቲ መንደር ውሻ ቢያብድ የሚነክሰው ልጅን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ፓስተር በ1877 ዓ.ም. ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለተነከሰ ልጅ ከሰጠ ወዲህ መከላከያው ታውቋል፤ ከመቶ ሰባው ውሻ ቢከተብ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። በባሌ ተራሮችም በውሾች የመጣው ይኸው በሽታ ቀይ ቀበሮዎቻችንን ደጋግሞ ፈጅቷል።

ታዲያ ውሻ ይዞ የማያውቅ ሐኪም ማንን ይከትባል? በሬ በገመድ ታስሮ ይወጋል፤ ውሻ ግን እጅ የለመደ፣ ዓይኑን የሚያነብ፣ ባለቤቱንም በትሕትና የሚያነጋግር ሰው ይፈልጋል። ይህ ከመጽሐፍ አይገኝም። በቢሾፍቱ፣ በጎንደርና በጅማ የሚማረው ወጣት ይህን እጅ ማግኘት ያለበት ወደ ቆላ ከመላኩ በፊት ነው።

ሆኖም ውሻው የሙከራ ዕቃ አይሁን። መምህሩ አጠገቡ ይቁም፤ ባለቤቱ ይፍቀድ፤ ቀዶ ጥገና ያለ ማደንዘዣ አይደረግ፤ ተማሪውም ራሱ አስቀድሞ ይከተብ።

አንተም አንባቢዬ፣ ነገ በሥራ ወደ መቲ ወይም እርሷን ወደምትመስል ከተማ ብትመደብ ውሻህን አስከትብ። የተነከሰ ሰው ብታይ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አጥበህ ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰደው። የጎረቤትህም ልጅ የአንተም ልጅ በአንድ መንገድ ነው የሚጫወቱት።